ጣሪያ ላይ ለሚዘረጋ አንድ ሽቦ

ለ፦ በልደታ፣ በሰንጋ ተራ፣ በአራት ኪሎና በአካባቢው ለምትገኙ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበራት ኮሚቴዎች

ጉዳዩ፦ አማተር ሬዲዮ ለሚጀምሩ ነዋሪዎች የጣሪያ ቦታ ስለመፍቀድ

ክቡራን የኮሚቴ አባላት፣

አንድ ነዋሪ፣ ምናልባትም ተማሪ፣ «ጣሪያ ላይ አንቴና ልስቀል» ብሎ ማመልከቻ ሲያቀርብላችሁ የሚመጡባችሁን ሥጋቶች እናውቃቸዋለን። ቆርቆሮው ተበስቶ ዝናብ ያስገባል፤ መብረቅ ይስባል፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይረብሻል፤ ደግሞስ ልጁ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ማን ያውቃል? አራቱም መጠየቅ ያለባቸው ናቸው። የሦስቱ መልስ ቀላል ነው፤ የመብረቁ ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። እኛ በዚህ ሙያ የቆየን ሰዎች ነን። የምንጠይቃችሁ ጀማሪውን በደፈናው ከመከልከል ይልቅ ምን እንደሚሰቅል፣ በምን እንደሚያስረውና ኬብሉን በየት እንደሚያወርደው መርምራችሁ እንድትፈቅዱለት ነው። ለመመርመር የሚያስፈልገውን ከዚህ በታች ጽፈናል፤ ጀማሪውም ቢያነበው ይጠቅመዋል።

ከመጨረሻው ሥጋት እንጀምር። አማተር ሬዲዮ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ የታወቀ አገልግሎት ነው። ገንዘብ ሳይገኝበት ለራስ ትምህርት፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ለቴክኒክ ምርምር የሚደረግ የሬዲዮ ሥራ ነው። ያው ደንብ በአገሮች መካከል የሚደረግ የአማተር ንግግር ትርጉሙ እንዳይታወቅ ተደርጎ በኮድ እንዳይተላለፍ ይከለክላል፤ ማንም ሰው ከፍቶ የሚሰማው ግልጽ ወሬ ነው። አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ የጥሪ ምልክቱ፣ ማለትም በአየር ላይ የሚታወቅበት ስሙ፣ ኢቲ3ኤኤ ነው። «ኢቲ» ብሎ የሚጀምር ምልክት በአየር ላይ ብዙ ስለማይሰማ የሌላ አገር አማተሮች ሲያገኙት ይሻሙበታል።

መስማትና ማሰራጨት ግን ለየቅል ናቸው። ተቀባይ ብቻ የተሰካበት ሽቦ ከዲሽ የተለየ ነገር አይሠራም። ማሰራጨት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ይጠይቃል፤ በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ለመስማት ነው ወይስ ለማሰራጨት?» የሚለውን ይሁን። ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ወራት ማሳለፍ ያለበት በመስማት ስለሆነ፣ ከአሥር ማመልከቻ ዘጠኙ የመስማት ቢሆን ይገባል።

አሁን ወደ ሽቦው። ለጀማሪ የሚበቃው ዳይፖል የሚባለው አንቴና ነው። እኩል የሆኑ ሁለት ሽቦዎች መሐል ላይ ከኬብል ጋር ይያያዙና አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይዘረጋል። ጠቅላላ ርዝመቱን በሜትር ለማግኘት 143ን በሜጋኸርዝ ለተነገረው ፍሪኩዌንሲ ማካፈል ነው። ለ14.15 ሜጋኸርዝ 10.1 ሜትር ይመጣል፤ እያንዳንዱ ክንድ 5.05 ሜትር ማለት ነው። ለ7.1 ሜጋኸርዝ እጥፉ ነው፤ 20 ሜትር ሽቦ ጣሪያ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲዘረጋ መሟገት ግን ለጀማሪም ለእናንተም ራስ ምታት ስለሆነ በ14 ይጀመር። ሽቦው ለቤት መብራት የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነጠላ ሽቦ ነው፤ መርካቶ በጥቅል ይሸጣል። 10 ሜትሩ ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። አንድ ዲሽ ከነማሰሪያው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይከብዳል።

በስሌቱ ልክ መቁረጥ የተለመደ ስሕተት ነው። የሽቦው የፕላስቲክ ልባስ ትክክለኛውን ርዝመት በጥቂት በመቶ ያሳጥረዋል፤ ከሥሩ ያለው ቆርቆሮም ይለውጠዋል። ስለዚህ የየክንዱን ሽቦ 5.25 ሜትር ቆርጦ መስቀል፣ ከዚያ ናኖቪኤንኤ በምትባለው ትንሽ መለኪያ ነጥቡ፣ ማለትም አንቴናው በደንብ የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ፣ የት እንደወደቀ ማየት ያስፈልጋል። ከ14 ሜጋኸርዝ በታች ከሆነ የሁለቱንም ክንድ ጫፍ እኩል ወደ ኋላ አጥፎ በራሱ ላይ መጠምጠም እንጂ ወዲያው መቁረጥ አይገባም፤ የታጠፈ ይዘረጋል፣ የተቆረጠ አይቀጠልም። ከየክንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ ነጥቡ 140 ኪሎኸርዝ ያህል ወደ ላይ ይወጣል። አንዱን ክንድ ብቻ ማሳጠር ደግሞ ሚዛኑን ያዛባና የኬብሉ መጋረጃ (የመሐሉን ሽቦ ዙሪያውን የሚከበው የሽቦ መረብ) ራሱ አንቴና እንዲሆን ያደርገዋል፤ ያኔ የደረጃው መብራት፣ የቻርጀሩ፣ የሁሉም ጫጫታ በኬብሉ ተሳፍሮ ወደ ሬዲዮው ይገባል። ለመስማት ብቻ ከሆነ ይህን ያህል መለካት ግድ አይደለም፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር ስሕተት የተነሳ የሚቀር ጣቢያ የለም።

የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ትልቁ ጣጣ ቆርቆሮው ነው። ሽቦው ቆርቆሮው ላይ ሲተኛ ቆርቆሮው ውስጥ ተቃራኒ ጅረት ይነሳና አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ ልጁም «አንቴናው አይሠራም» ብሎ ውድ ሬዲዮ ፍለጋ ይሄዳል። መፍትሔው ከፍታ ነው። መሐሉ ከቆርቆሮው ቢያንስ 4 ሜትር፣ ጫፎቹ 2 ሜትር ተኩል ከፍ ይበሉ። ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ቋሚ ለዚህ ሥራ ከብዙ ነገር ይሻላል፤ ቀጭን የውሃ ፒቪሲ በአንድ በጋ ፀሐይ ይጎብጣል፣ ከተመረጠም ባለ 2 ኢንች ይሁን። ክንዶቹ ከቋሚው ጫፍ ወደ ግራና ቀኝ ሲወርዱ በመሐላቸው ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ አይጥበብ።

ቆርቆሮ መብሳት ፈጽሞ አያስፈልግም። ቋሚው በሮቶው ማቆሚያ ብረት ላይ ወይም በጣሪያው ጠርዝ ግንብ ላይ በብረት ቀለበት ከሁለት ቦታ ይታሰር፤ ከአንድ ቦታ ብቻ የታሰረ ቋሚ በነፋስ ይዞራል። የሽቦው ጫፎች በ20 ሳንቲ ሜትር የፒቪሲ ቁራጭ ተለይተው በናይለን ገመድ ይወጠሩ፤ ሲባጎ ክረምቱን አይሻገርም። ልብስ የሚሰጣው ሰው እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ ጫፍ እንዳይቀር አደራ፤ ማሰራጨት ከተጀመረ በኋላ ከፍተኛው ቮልቴጅ ያለው ጫፎቹ ላይ ነው፣ በትንሽ ዋትም ያቃጥላል። ከሁሉ በላይ የመብራት ኃይል መስመር የት እንዳለ እዩ። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ቋሚው ቢወድቅ መስመሩ ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ቦታው ሌላ ይሁን። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ሽቦ ሲሰቀልም ሁለት ሰው ይኑር እንጂ ብቻውን የሚወጣ አይኑር።

ለኬብሉ ሃምሳ ኦም የሆነው አርጂ-58 ይመከራል ተብሎ በየመጽሐፉ ይነበባል፤ የከተማችን ዲሽ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ግን 75 ኦሙ አርጂ-6 ነው፤ በየሱቁም አለ። ለጀማሪ ይበቃል። ከሬዲዮው ጋር ያለው አለመጣጣም 1.5 ለ1 ብቻ ነው፣ የሚመለሰው ኃይል 4 በመቶ ነው። ከመሬት ወለል እስከ ጣሪያ 20 ሜትር ቢወርድ በ14 ሜጋኸርዝ የሚጠፋው ከ1 ዴሲቤል (የኃይል መጨመርና መቀነስ የሚለካበት) ያነሰ ነው። የአርጂ-6 ችግሩ ሌላ ነው፦ ብዙው የመጋረጃ ሽቦው አሉሚኒየም ስለሆነ ካውያ አይቀበልም። በብየዳ የተያያዘ የሚመስለው ከወር በኋላ ይለቃል፤ መታሰር ያለበት በብሎን ወይም በኬብሉ ማያያዣ ነው። መሐሉ ላይ ውሃ እንዳይገባ በሲሊኮን ሳይሆን ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ይሸፈን፤ አንዳንዱ ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ መዳቡን ይበላዋል። ኬብሉ ወደ መስኮት ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ ያለዚያ የሐምሌ ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ ሳሎን ይገባል። በእናንተ በኩል ደግሞ ኬብሉ በደረጃው መሐል ሳይሆን በውጭ ግድግዳ፣ ከዲሽ ኬብሎች ጋር ታስሮ እንዲወርድ ማዘዝ ትችላላችሁ።

መብረቅ። 200 ግራም ሽቦ ብረት ሮቶ ማቆሚያና የቆርቆሮ ጣሪያ ካለበት ሕንፃ ላይ መብረቅን ለይቶ አይጠራም። አደጋው ሌላ ነው፦ በአቅራቢያ የወደቀ መብረቅ በሽቦው ላይ የሚያስነሳው ቮልቴጅ በኬብሉ ወርዶ ቤት ይገባል። ስለዚህ የኬብሉ መጋረጃ ቤት ከመግባቱ በፊት ከ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ባልቀጠነ የመዳብ ሽቦ ከሕንፃው ኧርዝ ጋር ይገናኝ። ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ጋር ማገናኘት ምንም አይጠቅምም፤ ለብቻው ተቀብሮ ከሕንፃው ኧርዝ ጋር ያልተገናኘ ብረት ደግሞ በሁለቱ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ስለሚፈጥር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን ደመና ሲከብድ ኬብሉን ነቅሎ ወደ ውጭ ማውጣት ግዴታ ነው። ነቅሎ አልጋ ሥር መወርወር ነቀለ አያሰኝም። ከሰኔ እስከ መስከረም ይህ የየዕለት ልማድ መሆን አለበት፤ ኮሚቴው በፈቃዱ ላይ በጽሑፍ ቢያሰፍረው አይከፋም።

ቴሌቪዥኑስ? በእኛ ከተማ አብዛኛው ቴሌቪዥን የሚገባው በዲሽ ነው። ዲሹ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ይቀበላል፤ በኬብሉ ወደ ሪሲቨር የሚወርደው ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ነው። 14 ሜጋኸርዝ ከዚህ የትና የት። በማሰራጨት ጊዜ ሊረበሽ የሚችለው ረጅም ሽቦ ያለው ርካሽ ስፒከር ነው፤ ሽቦው እንደ አንቴና ያገለግላል። የስፒከሩን ሽቦ ፌራይት በሚባለው ረብሻ ማፈኛ ቀለበት ላይ 6 ወይም 7 ዙር መጠምጠም ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ወጪው የአማተሩ ይሁን።

እንደ እውነቱ ከሆነ ረብሻው የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሊፍት ሞተር መቆጣጠሪያ፣ ኢንቨርተር፣ በልደታና በሜክሲኮ በኩል ደግሞ በ750 ቮልት የሚሄደው ቀላል ባቡር፣ ሁሉም አጭር ሞገዱን በጫጫታ ይሞሉታል። ምንጩን ለመለየት በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ 7.1 ሜጋኸርዝ ላይ ከፍቶ የቤቱን ዋና ብሬከር ማጥፋት ነው። ጫጫታው ከወደቀ ጥፋተኛው ቤት ውስጥ ነው፤ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እየመለሱ፣ ከዚያ አምፖሉን አንድ በአንድ እየፈቱ ይገኛል። ካልወደቀ ጎረቤት ነው ወይ መንገዱ ነው። ሠፈሩ በሙሉ መብራት የሄደበት ምሽት ለዚህ ሥራ ወርቅ ነው፤ በሬዲዮው ላይ የምልክቱን ብርታት የሚያሳየውን ሜትር ንባብ ጽፎ መያዝና መብራት ሲመጣ ማወዳደር። ሜትሩ የሚቆጥረው በኤስ ነው፣ አንድ ኤስ 6 ዴሲቤል ነው፤ መብራት ሲመጣ ከኤስ 2 ወደ ኤስ 8 የሚዘል ከሆነ፣ እናንተ ከምትፈሩት ሁሉ በፊት መታከም ያለበት ሕንፃው ራሱ ነው። የደረጃውን አምፖሎች በጅምላ ስትገዙ አንዱን አስቀድማችሁ በዚህ መንገድ ብታስፈትሹት እንዴት ባማረ።

ጫጫታው አልበገር ላለው፣ ወይም ጣሪያ ላይ ሽቦ መዘርጊያ ጭራሽ ለሌለው ሌላ በር አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የተወነጨፈው ኤስሃይል-2 የተባለው የኳታር ሳተላይት በ25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆሞ የአማተር መሣሪያ ተሸክሟል፤ አማተሮች ኪውኦ-100 ይሉታል። ቀንም ሌሊትም አይጠልቅም። ከአዲስ አበባ ሲታይ አቅጣጫው 235 ዲግሪ፣ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ከፍታው 72 ዲግሪ ገደማ። ለኢትዮሳት ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ የዞሩት ዲሾቻችሁ ግን 115 ዲግሪ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያያሉ። ስለዚህ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ተለይቶ ወደ ሌላ የዞረ ዲሽ ብታዩ ሠሪው ተሳስቶ አይደለም።

ለዚህ የሚበቃው ተራ የ80 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ከተራ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ከሚታሰረው መቀበያ) ጋር ነው። የድምፅ ንግግሩ ከ10489.5 እስከ 10490 ሜጋኸርዝ ይወርዳል፤ ኤልኤንቢው 9750 ይቀንስለትና 740 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሆናል። ይህን አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባለው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ተቀባይ በቀላሉ ይሰማዋል። ሦስት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛ፣ ኤልኤንቢው 13 ቮልት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ አርቲኤል-ኤስዲአር የሚያወጣው 4.5 ቮልት አያነቃውም። ሁለተኛ፣ ቮልቱን ከውጭ ሲሰጡት ወደ ተቀባዩ እንዳይፈስ የሚከለክል ማከፋፈያ ካልተጠቀሙ ተቀባዩ ይቃጠላል። ሦስተኛ፣ የቆየ ኤልኤንቢ ፀሐይ ሲመታው በብዙ ኪሎኸርዝ ስለሚንሸራተት ንግግሩን መከተል አይቻልም፤ ሲገዛ ፒኤልኤል የሚባለውን፣ ፍሪኩዌንሲውን አጥብቆ የሚይዘውን፣ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ የሚፈለገው 10489.750 ላይ ሳያቋርጥ የሚሰማው ምልክት ሰጪ ነው፤ እሱ ከተገኘ የቀረው ዲሹን በጥቂቱ እያንቀሳቀሱና ኤልኤንቢውን እያዞሩ ማጥራት ነው። ድርድሩም ለእናንተ ቀላል ነው፤ ዲሽ ለምን ተሰቀለ ብሎ የሚጠይቅ ኮሚቴ አላየንም።

በሽቦው በኩል የጀመረው ምን ይስማ? 14.100 ሜጋኸርዝ ላይ በዓለም ዙሪያ የተተከሉ 18 ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ እየተቀባበሉ በ3 ደቂቃ አንድ ዙር ይጨርሳሉ። እያንዳንዱ ምልክቱን በሞርስ ከተናገረ በኋላ አራት ረጅም ድምፅ በ100፣ በ10፣ በ1 እና በ0.1 ዋት ይልካል። ከዝርዝሩ ውስጥ ኬንያ፣ እስራኤልና ደቡብ አፍሪካ አሉ፤ አንዳንዱ ለጥገና ዝም ይላል። የአንዱን ጣቢያ አራተኛ ድምፅ የሰማ ሰው ስለ አንቴናው መጨነቁን ማቆም ይችላል። ኮምፒዩተር ያለው 14.074 ላይ ኤፍቲ8 የተባለውን፣ በኮምፒዩተር የሚላክና የሚነበብ አጭር መልእክት፣ ይሞክር፤ መልእክቱ በ15 ሰከንድ ክፍልፋይ ስለሚሄድ የኮምፒዩተሩ ሰዓት በ2 ሰከንድ ከሳተ ስክሪኑ ባዶ ይቀራል። ጀማሪ አንቴናውን ያፈርሳል፤ ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ቢመጣም መሣሪያው አልተበላሸም። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ከላያችን ያለው አየር በዚያ ሰዓት ይታመሳል።

አማተር የሰማቸውንና ያነጋገራቸውን ጣቢያዎች የሚጽፍበት መዝገብ ሰዓት የዓለም ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር የቀን ሰዓት ላይ 3 መደመር ነው፦ ከቀኑ 6 ሰዓት 09:00 ይሆናል። የማታና የሌሊት ላይ 15 ይደመራል፣ ድምሩ 24 ከደረሰ 24 ይቀነሳል፦ ምሽት 1 ሰዓት 16:00 ነው። ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ የቀኑ መቁጠሪያም የፈረንጅ ነው። ይህን ያቀላቀለ ሰው «ተገናኝተናል» ብሎ የላከው ማረጋገጫ ከሌላው አማተር መዝገብ ጋር ስለማይገጥም ውድቅ ይሆንበታል።

አንድ ነገር ለወላጆች። ልጁ መጀመሪያ «ባኦፌንግ ግዙልኝ» ካለ እንቢ በሉት። የእጅ ሬዲዮው ርካሽ ነው፤ ግን የአማተር ካልሆነ ሞገድ ላይ ሁሉ ያሰራጫል፤ ከአማተሩ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ውጪ የፖሊስም የአምቡላንስም ሊሆን ይችላል። ሳያውቅ የተጫነ አንድ ቁልፍ ቤተሰብ ያስጠይቃል። የማሰራጫ መሣሪያ ከውጭ ከማስመጣት በፊትም ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይቅደም፤ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ከተያዘ በኋላ ሳይሆን።

ስለዚህ ከኮሚቴዎቹ የምንጠብቀው ይህን ነው። ለመስማት ለሚጠይቅ፦ የሽቦውን ርዝመት፣ የቋሚውን ቦታ፣ የኬብሉን መውረጃና የኧርዙን ግንኙነት የሚያሳይ በእጅ የተሣለ አንድ ገጽ ሥዕል ተቀብላችሁ፣ ጣሪያው ላይ አብራችሁት ወጥታችሁ አይታችሁ ፍቀዱ። ለማሰራጨት ለሚጠይቅ፦ የፈቃዱን ቅጂና የጥሪ ምልክቱን ጨምራችሁ ጠይቁ፤ ረብሻ ቢነሳ በምን ሰዓት እንደሚያሰራጭ የሚያሳየውን መዝገቡን ለማየት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሽቦው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት ላይ ከክረምቱ በፊትና ጥቅምት ላይ ከክረምቱ በኋላ ይፈተሽ። ነዋሪው ሲለቅ የሰቀለውን አውርዶ ይሂድ።

ከሰላምታ ጋር፣
በአማተር ሬዲዮ የተሰማራን የመሃል አዲስ አበባ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ጣሪያ ለሚለምኑ ጀማሪዎች
ለወላጆቻቸው
የደረጃ አምፖል ለሚገዛው የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ